በቁሙ የተገዛው አጥቂ

የጨርጨር ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ተጫዋች የሚገዛውም የሚሸጠውም በበርጫ ሰዓት ነበር። የኮሚቴው አባላት ጠዋት ጠዋት ጫት ሲያስጭኑና ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲነታረኩ ያረፍዳሉ። ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ ጭሮ ከተማ ላይ ስትከብድ፣ በሊቀመንበሩ በሐጂ ዓሊዩ ሳሎን ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ቀንበጥ ቀንበጡን እየለዩ ይቅማሉ። ምርቃናው መጣ መጣ ሲል ክለቡም አብሮ ያድጋል። ከመቻራ ያስመጡት የክንፍ ተጫዋች በአንድ በርጫ «ከዚህ የተሻለ አገር ውስጥ የለም» ተብሎ ተገዛ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በርጫ «እግሩ ቀጭን ነው» ተብሎ በሁለት አማካዮች ተለወጠ። ከሁለቱ አንዱ ጉልበቱን ታሞ መጣ። ሌላው ጭራሹን አልመጣም። ግብ ጠባቂውን የመረጡት ቁመቱን አይተው ነው። ልጁ እውነትም ረጅም ነበር፤ ኳሶቹ ግን የሚመጡት በመሬት ነበር።

አሰልጣኙ ጌዲዮን ይህን ሁሉ በሩ አጠገብ ካለው ፍራሽ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ጫት ሳይነካ፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በእጁ እያሞቀ ይመለከታል። ንቀቱን ለመሸፈን ብዙም አይለፋም። እናቱ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ በምትላት በዚህችው ከተማ ተወልዶ፣ ደቡብ ኮሪያ ሄዶ ስፖርት ሳይንስ ተማረ። ከተመረቀም በኋላ ቡሳን ውስጥ፣ በአንድ የቤዝቦል ክለብ፣ የተጫዋቾችን አቋም በቁጥር በሚመዝን ክፍል ሠራ። ከዚያ ለምን እንደተመለሰ ለጠየቀው ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቷል፤ ለራሱም እንዲሁ። ሐጂ ዓሊዩ «ዶክተር» ይሉታል። ዶክተር እንዳልሆነ ያውቃሉ።

«እስቲ ዶክተር» አሉት አንድ ቀን፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ፣ «ያ በዱላ የሚመቱት ኳስ፣ እዚያ ተጫዋች እንዴት ነው የሚለዋወጡት?»

«ክለቦቹ ከተስማሙ በዚያው ቀን ነው። ጠዋት በአንዱ ማልያ የተለማመደ ልጅ ማታ በሌላው ማልያ ይሰለፋል።»

«ጎረቤት ሳይሰናበት?»

«ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።»

«አቦ ተው! ይሄማ ጠለፋ ነው!»

ፍራሹ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። የክለቡ ጸሐፊ ደረጀ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው፣ ከሁሉም አብዝቶ ሳቀ። የደረጀ ሳቅ ሁልጊዜ ከሐጂ ሳቅ ትንሽ ዘግይቶ ይጀምርና ትንሽ ዘግይቶ ያልቃል።

ጌዲዮን ይህን ሁሉ የሚታገሠው ለአንድ ነገር ሲል ነው። የውድድሩ ዓመት ሲጀመር ሐጂ በነዚያው ሰዎች ፊት ቃል ገብተውለታል። «ወደ ላይኛው ሊግ አሳድገን። ከዚያ ወዲያ ቡድኑን አንተ ትመርጣለህ። የሚገዛውን አንተ፣ የሚባረረውን አንተ። ወላሂ አፌን አልከፍትም።» ካላሳደገ ግን ውሉ አይታደስም። ጌዲዮን ያንን መብት የፈለገውን ያህል ሌላ ነገር ፈልጎ አያውቅም። አንድ ዓመት ብቻ፣ እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ዘግተው፣ እሱ ራሱ የመረጣቸው አሥራ አንድ ልጆች ሲጫወቱ ማየት። ይቀመጥ ወይስ ይሂድ የሚለውን ከዚያ በኋላ ያስብበታል።

ነገሩም የማይሆን አልነበረም። የጨርጨር ኮከብ ግብ ማግባት ባያውቅም፣ ጌዲዮን ግብ እንዳይገባበት መከላከልን አስተማረው። ፍፁም የሚባለው መሐል ተከላካይ የጭሮ ልጅ ነው፤ አፉን ብዙ አይከፍትም፣ እግሩ ግን ቀድሞ ይደርሳል። በሱ ዙሪያ ግንብ ሠሩ። አንድ ለባዶ፣ ባዶ ለባዶ፣ አንድ ለባዶ። የሚያየው ሰው ያዛጋል። ተመልካቹ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ለቅሶ?» እያለ እየተሳደበ ይገባል፣ እየተሳደበ ይወጣል፤ ክለቡ ግን ደረጃውን አንድ አንድ እያለ ወጥቶ አናት ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው የገለምሶው ክለብ፣ ሀብሮ ነብር ነበር።

ሀብሮ ነብር ጃዕፈር የሚባል አጥቂ ነበረው። ሐጂ ዓሊዩ አንድ ቀን አይተውት እንቅልፍ አጡ። ጌዲዮንም ልጁን ሲያየው ሳይወድ በግድ አደነቀው፤ ሐጂ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ ተጫዋች መርጠው ነበር። የገዙበት መንገድ ግን የጫት ነጋዴ መንገድ ነው።

የጫት ነጋዴ ማሳውን በቁሙ ይገዛል። ቅጠሉ ሳይደርስ ከገበሬው ጋር ይዋዋላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጫቱ የነጋዴው ነው፤ ገበሬው ግን እስኪቆረጥ ድረስ ውሃ ያጠጣዋል፣ ይኮተኩተዋል። ነጋዴውም የራሱን ጠባቂ ማሳው ዳር ያስቀምጣል። ሐጂ ሀብታም የሆኑት እንዲህ ነው። ጃዕፈርንም እንዲሁ ገዙት። በዓመቱ አጋማሽ ውሉ ተፈረመ፤ ልጁ የጨርጨር ኮከብ ሆነ፤ ውድድሩ እስኪያልቅ ግን እዚያው ገለምሶ ተቀምጦ ለሀብሮ ነብር እንዲጫወት ተተወ።

«ሐጂ፣ ልጁን አሁኑኑ እናምጣው» አለ ጌዲዮን።

«ለምን? አልደረሰም።»

«ከነሱ ጋር እኮ ገና አንድ ጨዋታ አለን።»

«ይጫወት! ገበሬው ካላጠጣው ይደርቃል። ደመወዙን እነሱ ይክፈሉ፣ እንቁላሉን እነሱ ያብሉት። እኛ ሲደርስ እንቆርጠዋለን።»

«ሰው እኮ ነው፤ ጫት አይደለም።»

«ጫት ቢሆን ኖሮማ አንተን አላማክርም ነበር» አሉ ሐጂ፤ ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

«ቢያንስ ከኛ ጋር ሲሆን እንዳይሰለፍ ውሉ ላይ ይጻፍ። ኮሪያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር…»

«ኮሪያ ዝናብ አለ» አሉ ሐጂ፣ ቀንበጥ እየቀነጠሱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ደረጀ ግን ትልቅ ነገር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ጠባቂም ተላከ። ጫት ማሳ ዳር ከውሻ ጋር ሲያድር የኖረ ሰው፣ አሁን ገለምሶ ከጃዕፈር ቤት ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ ይውላል። በየቀኑ በበርጫ ሰዓት ይደውላል፤ ሐጂ ሁሉም እንዲሰማ ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው ፍራሹ ላይ ያስቀምጡታል።

«ዛሬ ሁለት እንቁላል በላ፣ ሐጂ።»

«ተኛ?»

«ተኝቷል።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻውን።»

«ማሻአላህ።»

ጌዲዮን ይህን እየሰማ የቡሳኑን ክፍል ያስባል፤ በየግድግዳው ስክሪን፣ በየስክሪኑ ቁጥር። እዚህ አንድ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ እንቁላል ይቆጥራል። በሆዱ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሲውል ሲያድር ይመረዋል።

የመጨረሻው ጨዋታ ጭሮ ላይ ሆነ፤ ከሀብሮ ነብር ጋር። አቻ ቢወጡ እንኳ የጨርጨር ኮከብ ያድጋል። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ፈታ። ባጃጆች ባንዲራ አስረው ዋሉ። የመግቢያ ብር የሌለው ከሜዳው በላይ ያለውን ተዳፋት ሞልቶ ተቀመጠ፤ ከገለምሶ በሚኒባስ የመጡትም በአንድ ጥግ ተሰብስበው አቧራው ላይ ይጨፍሩ ጀመር። በሩ ላይ ውሃና ጫት የምትሸጠው ዑሙልኸይር የሚያልፈውን ሁሉ ትነካካለች። ጌዲዮንንም አልማረችውም።

«አንተ ኮሪያ! ዛሬ ደግሞ እንደለመድከው እንዳታስተኛን! ትራስ ላምጣ?»

«ዛሬ ባዶ ለባዶ ይበቃናል» አላት።

«አንተን ላገባች ሴት አዘንኩላት!»

ተጫዋቾቹ ማልያ ለብሰው ሲጨርሱ ሐጂ ዓሊዩ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገቡ። ነጭ ጀለቢያቸው ጽድት ብሏል። ደረጀ ከኋላቸው ነው።

«ኢጆሌ» አሉ፤ ልጆችን ሲመክሩ በኦሮምኛ ነው የሚጀምሩት። «ሩጡ፣ ቀሙ፣ ግፉ፣ የፈለጋችሁትን ስበሩ። ጃዕፈርን ግን እንዳትነኩት። ንብረታችን ነው። ሰው የራሱን ማሳ አይረግጥም።»

ፍፁም ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና አለ።

«ሐጂ፣ ታዲያ ኳስ ይዞ ሲመጣብኝ ምን ልሁን?»

«ፊቱ ቁም።»

«ቆሜ ቢያልፈኝስ?»

«ሮጠህ ድረስበት።»

«ደርሼበትስ?»

«አቦ፣ አሰልጣኝ የቀጠርነው ለምንድን ነው?» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ወደ ጌዲዮን ዘርግተው።

ሁሉም ወደ ጌዲዮን ዞረ። መናገር ያለበትን ያውቅ ነበር። «ሐጂ፣ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ፤ ይህ የኔ ሥራ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን የሚቀጥለው ዓመት ቡድን በሐሳቡ ከተሰለፈ ቆይቷል፤ ከፊት ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ የቆመው ደግሞ ጃዕፈር ነበር። በሕይወቱ አንዴ በሚመርጠው ቡድን ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ አጥቂ ማስገባት አልፈለገም። ፍፁም ደግሞ በአጥቂ ላይ ሲገባ ቀልድ አያውቅም።

«በአካል አትግባበት» አለ ጌዲዮን። «ርቀትህን ጠብቅ፤ ቦታ ዝጋበት፤ ወደ መስመር ግፋው።»

«እንዳልነካው ማለት ነው?»

«ርቀት ጠብቅ ነው ያልኩት።»

ፍፁም ጥቂት አየውና ወደ ጫማው ተመለሰ። ጌዲዮን የሐጂን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ኮሪያ ልኮ አስተምሮ፣ መልሶ ማምጣቱን ያወቀው ወደ ሜዳው እየወጡ ሳለ ነው። ለራሱ ግን «በሳይንስም ያስኬዳል» አለ።

ጃዕፈር መጀመሪያ ላይ ፈርቶ ነበር። የፍፁምን ስም ያልሰማ አጥቂ የለም። ኳስ ሲደርሰው ቶሎ ይለቃል፣ ይዘላል፣ ወደ ኋላ ያያል። ቀስ በቀስ ግን ማንም እንደማይነካው ገባው፤ ሞኝ አልነበረም። ኳሷን ይዞ መቆም ጀመረ። ከዚያ ይዞ መዞር ጀመረ። ፍፁም እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ክንድ በማትሞላ ርቀት ይከተለዋል።

«ፍፁም! ምን ነካህ?» ይጮሃል ተዳፋቱ ላይ ያለው። «ሙሽራ ነው እንዴ የምታጅበው?»

«ተወው፣ መንገድ እያሳየው ነው!»

«ጃንጥላ ያዝለት!»

ከእረፍት በኋላ ሙቀቱ ስለበረታ ዳኛው ውሃ እንዲጠጡ ጨዋታውን አቆመ። ፍፁም ጠርሙሱን ፊቱ ላይ ደፍቶ ወደ ጌዲዮን መጣ።

«አሰልጣኝ፣ አንዴ ልምታው።»

«አይሆንም።»

«አንዴ ብቻ። ቢጫ እወስዳለሁ፣ እሱም ይፈራል፣ ያልቃል።»

«ርቀት ጠብቅ።»

«ርቀቱማ የሱ ሆነ እኮ!»

ጌዲዮን ኮሚቴው ወደተቀመጠበት ጥላ ተመለከተ። ሐጂ ዓሊዩ በክብር ወንበራቸው ላይ ወደፊት ዘንበል ብለው ጃዕፈር ውሃ ሲጠጣ ያያሉ፤ እንዳይበዛበት የሰጉ ይመስላሉ። አቻ ናቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። እንደዚሁ ቢያልቅ ሁሉም ነገር አለ፤ እድገቱም፣ ምርጫውም፣ ልጁም ከነእግሩ።

«ያልኩህን አድርግ» አለው።

ኳሷ የመጣችው ከመሐል ሜዳ ነው። ጃዕፈር በደረቱ አቁሞ ዞረና በቀጥታ ወደ ፍፁም ሮጠ። ማንም አጥቂ ወደ ፍፁም በቀጥታ ሮጦ አያውቅም። ከሣጥኑ ውጪ ተገናኙ። ፍፁም እግሩን ዘረጋ፤ ሜዳው ሁሉ አየው፤ እግሩ ተዘርግቶ፣ ከልጁ ቁርጭምጭሚት ስንዝር ሲቀረው፣ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ሰበሰበው። ጃዕፈር አለፈ። ረጅሙ ግብ ጠባቂ በቁመቱ ሙሉ ወደ ላይ ዘለለ። ኳሷ በመሬት ገባች።

የጭሮ ሰው ትንፋሹ ጠፋ። ከገለምሶ የመጡት እንኳ ለማመን ጥቂት ቆዩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ሐጂ ዓሊዩ ናቸው። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። ደረጀ ማጨብጨብ ጀምሮ፣ ሰዉን አየና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሀብሮ ነብር አደገ። የጨርጨር ኮከብ ባለበት ቀረ። ሰዉ ሲወጣ «ፍፁም ሸጠን» እያለ ነበር።

በማግስቱ በበርጫ ሰዓት ኮሚቴው እንደተለመደው ተሰበሰበ። ጌዲዮን ሲገባ በፊታቸው ላይ ትንሽ ኀፍረት ፈለገ። ያገኘው ምርቃና ብቻ ነው።

«እግሩን አያችሁት አይደል?» ይላሉ ሐጂ። «አዟዟሩን አያችሁት? ወላሂ የዚህ አገር ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም!»

«በራሳችን ላይ እኮ ነው ያገባው፣ ሐጂ» አለ ጌዲዮን።

«ታዲያስ! የኛን ግንብ ያፈረሰ የማንን አያፈርስም?»

ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐጂ፣ ሰዉ ግን ተቆጥቷል። ማታ የግቢዎ በር ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። አንድ ሰው ካልሄደ አይበርድም።»

«ፍፁም ይሂዳ። ኳሷ ያለፈችው በሱ በኩል ነው።» ሐጂ ይህን ያሉት ሻይ ይምጣ በሚሉበት ድምፅ ነው። ከዚያ ወደ ጌዲዮን ዞሩ። «አንተ ግን ትቀራለህ፣ ዶክተር። ባናድግም ቃሌን አከብራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑን አንተ ምረጥ፤ ጃዕፈርም መጥቶልሃል። መጀመሪያ ግን ፍፁምን አንተው አሰናብተው። አስጠርቼዋለሁ፣ ውጭ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ አፌን አልከፍትም።»

ዓመቱን ሙሉ የተመኘው ነገር ፍራሽ ላይ ተቀመጠለት። ጌዲዮን ፍፁምን የሚያሰናብትባቸው ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲመጡለት ተሰማው። ፍፁም ሠላሳን አልፏል። ፍጥነቱ ከአምናው ቀንሷል። ኳስ አቀባበሉ ደካማ ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ በቁጥር አስደግፎ፣ አስውቦ ሊጽፈው ይችላል። ቁጥር ለጠራው ሁሉ ያድራል። ምክንያቶቹ እንዲህ በፍጥነት መምጣታቸው ነው ያስደነገጠው። ሐጂ ቢያንስ አላስዋቡትም።

«ፍፁም ይቀራል» አለ።

«ምን አልክ?»

«ምረጥ አሉኝ፤ መረጥኩ። ፍፁም ይቀራል።»

«ታዲያ ሰዉን ምን እንበለው?»

«እንዳትነካው ተብሎ ነበር እንበለው። እርስዎ አዘዙ፣ እኔ አስተላለፍኩ፣ ልጁ ታዘዘ። ይኸው ነው።»

የአንዱ የኮሚቴ አባል እጅ ከነቀንበጡ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሐጂ ግን አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ማሳ ዳር እንደቆመ ነጋዴ፣ ጌዲዮንን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ደረጀ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«እንዲያውም ሐጂ…» አለ ደረጀ፣ ነገሩ እየጣመው፣ «ፍፁም የሰፈር ልጅ ነው፤ ዘመድ አለው፣ ነገ ሌላ ጣጣ ነው። የተማረ ሰው ሲወድቅ ግን ማንም አያዝንም። እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ‹በዱላ ኳስ ከሚመቱት አገር ያመጣው ዘዴ አስበላን› ብንል ማን ይከራከራል?»

«ጥሩ» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። «ፍፁም ይቅር። አንተ ሂድ፣ ዶክተር። ስትወጣ ለልጁ ንገረው።»

«እውነቱስ?»

«የቱ እውነት?» አሉ ሐጂ። እያሾፉ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ጌዲዮን ጠርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ፍፁም በረንዳው ላይ፣ የመጫወቻ ጫማውን በፌስታል ይዞ፣ ጉልበቱን እያሸ ተቀምጧል። አልተነሳም።

«አሰናበታችሁኝ አይደል?»

«አይ። ትቀራለህ።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

ፍፁም ፊቱን አየው፤ ከዚያ በጌዲዮን ትከሻ አልፎ የተዘጋውን በር አየ።

«ሐጂስ ምን አሉ?»

ጌዲዮን መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ፍፁም ግን መልሱን ከሱ አልጠበቀም። ተነሳ፣ ፌስታሉን ከጀርባው ደበቀ፣ ጫማውን በረንዳው ላይ አወለቀና በሩን ቀስ አድርጎ አንኳኳ።